የሚጠየቅና የማይጠየቅ ዋጋ

የገና ሰሞን ልጆቹን ይዘን ወደ አዋሽ ሸለቆ፣ ወደ አንድ የብርቱካን እርሻ ወረድን። «ፍሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚበቅል እንዳይመስላቸው» ብሎ ያሰባሰበን የባለቤቴ ወንድም ነው። ሐሳቡ አልከፋም። የከፋነው እኛ ነን!

ለቃሚዎቹ በመቀስ እየቆረጡ ሣጥን ሲሞሉ ዘመዴ አንዷን ጠርቶ፣ «አረንጓዴውን ተይው፣ የበሰለውን ስጪኝ» አላት። «ጋሼ፣ እዚህ ሌሊቱ ስለማይበርድ ቢጫ አይሆንም እንጂ በስሏል» አለችው። እውነቷን ነው። ብርቱካን እንደ ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም፤ ቆላ ውስጥ ደግሞ አረንጓዴ እንደሆነ ይጣፍጣል። ዕውቀቱ የእሷ፣ ትእዛዙ የእኛ። (ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስንቱን ተማሪ እንዲህ ሳላዳምጥ አርሜው ይሆን?)

የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ ታዲያ፣ «በሣጥን ስንት ይከፍሉሻል?» ብላ ጠየቀቻት። አባትየው ቆጣ አለ፤ «ነውር ነው! እንዲህ አይጠየቅም!»

ለምንድን ነው ነውር የሚሆነው? በኪሎው ዋጋ ከሻጩ ጋር ግማሽ ሰዓት ስንከራከር ማን አፈረ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ሲጽፍ ነውር አላለውም። እኛ ግን ልጅ ከዛፉ ጋር ፎቶ ተነሥታ ትመለስ፣ ዛፉ ሥር የቆመችውን ሰው ግን አትጠይቅ እንላለን... ይኼ ትምህርት ከሆነ ሱፐርማርኬቱ ምን አጠፋ?

የሴትየዋን መልስ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አፏን ስትከፍት፣ ጮክ ብዬ «በሉ መኪና ውስጥ ግቡ፣ መሸ» ያልኩት እኔ ነኝ።