ቅርስን የሚታደግ ገንዘብ ደንብ ያሻዋል

እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ የሚገኝ አንድ የጨረታ ቤት ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶችን ለሽያጭ አቀረበ። በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሽያጩ እንዲቆም ጠየቀ፤ ቅርሶቹም ከጨረታው ወጡ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ግን ባለይዞታው በነጻ ስለሰጠ አልነበረም። ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ የግል በጎ አድራጎት ተቋም እነዚህንና በሌሎች ነጋዴዎች እጅ የነበሩትን ገዝቶ በዚያው ዓመት ለኤምባሲው አስረከበ። ከተመለሱት መካከል ዘውድ፣ ጋሻ፣ በብር ያጌጡ የቀንድ ዋንጫዎች፣ በእጅ የተጻፈ የጸሎት መጽሐፍና መስቀሎች ይገኙበታል።

ይህ በጎ ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ምስጋናው አንድ ከባድ ጥያቄ ሊጋርድ አይገባም። በ1860 ዓ.ም. በጦር ኃይል የተወሰደ ንብረት ዛሬ በገበያ ዋጋ ሲገዛ፣ ሌላው ባለይዞታ ከነገሩ የሚማረው ምንድን ነው? ዝም ብሎ ቢመልስ ምስጋና ብቻ፣ ለጨረታ ቢያወጣ ግን ገንዘብ እንደሚያገኝ ነው። የግለሰቦችና የኩባንያዎች ልግስና ለቅርስ ያለው ጥቅም አያከራክርም፤ ደንብ የሌለው ልግስና ግን አንዱን ቅርስ ሲታደግ የዘረፋውን ገበያ ሊያሞቅ ይችላል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለቅርስ ማስመለሻ መዋጮ ከመጀመራቸው በፊት ይህን ሊመክሩበት ይገባል።

ግዢ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን

ያለ ክፍያ ማስመለስ እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። በኤድንበርግ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 የተመለሰው ቤተ ክርስቲያኒቱ በራሷ ፈቃድ ስላስረከበችው ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር የመለሰው በሽያጭ አልነበረም።

በአንጻሩ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ለሕዝብ ሳይታዩ፣ ለባለቤታቸውም ሳይመለሱ ተቀምጠዋል። በዚህ ጉዳይ የጎደለው ገንዘብ አይደለም። ሙዚየሙ ከነዳጅ ኩባንያው ቢፒ 50 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያገኝ እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። እንቅፋት ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ሕግ ነው። ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን ያስጻፈው የሕግ አስተያየት ግን ሕጉ ራሱ ሙዚየሙ ሊይዛቸው የማይገቡ ዕቃዎችን ለመልቀቅ በር እንደሚከፍት ያስረዳል። ለእንዲህ ያለው የሕግ ጥናት የሚወጣ ገንዘብ ለጨረታ ቤት ከሚከፈል ገንዘብ የበለጠ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል፤ አንድ ክርክር ከተረታ የሚመለሰው አንድ ዕቃ ብቻ አይደለምና።

ከተመለሰ በኋላስ?

መመለስ የሥራው ግማሽ ነው። የላሊበላው «አፍሮ አይገባ» መስቀል የተሰረቀው በመቅደላ ዘመን ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። መስቀሉ ቤልጅየም ድረስ ተሻግሮ ከተገኘ በኋላ ወደ ደብሩ ተመልሷል። እጅግ የታወቀው ቅርስ እንዲህ ከሆነ፣ ስሙ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረው የገጠር ደብር ብራና ቢጠፋ የማን እንደነበረ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ሆኖም ለጋሾችን የሚስበው የርክክብ ሥነ ሥርዓት እንጂ የዕቃ ቤት ጣሪያ፣ የዘበኛ ደመወዝ ወይም የቅርስ መዝገብ አይደለም።

በዚህ ረገድ የሚያበረታታ ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረውና የሚኒሶታው ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ በተሳተፈበት ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። አርካዲያ በተባለው የግል የበጎ አድራጎት ገንዘብ የተቋቋመው የብሪቲሽ ላይብረሪ መርሐ ግብርም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ለመጥፋት የተጋለጡ ጽሑፎች ዲጂታል ቅጂ እንዲዘጋጅላቸው ይረዳል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ ከአገሩ አይወጣም።

የለጋሽ ክብርና የባለቤት መብት

እንዲህ ያለ ደንብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቀደመው ዘመን ብራና ያስጻፈ መኰንን ወይም ወይዘሮ ስሙ በመጽሐፉ ይሰፍራል፤ በጸሎት ይታሰባል፤ አንዳንዴም ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል። መጽሐፉ ግን የደብሩ ነው። የሚሰርቀውንና ጽሕፈቱን የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃልም አብሮ ይጻፍበታል። ለጋሹ ክብርን ያገኛል፤ ባለቤትነትን አያገኝም።

ክብሩም ቢሆን ወሰን አለው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 የሳክለርን ቤተሰብ ስም ከአዳራሾቹ ለማንሣት የተገደደው ሀብታቸው ሱስ ካስያዘ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሽያጭ ጋር በመያያዙ ነው። ከማን እንደሚቀበል አስቀድሞ ያልወሰነ ተቋም ኋላ ስሙን ከለጋሹ ጋር ያጎድፋል።

ደንብ ሲበዛ ለጋሽ ይሸሻል የሚል ስጋት ይነሣል። የጣሊያን ልምድ ግን ማበረታቻና ቁጥጥር አብረው እንደሚሄዱ ያሳያል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ቅርስ የሚለግስ ሰው ወይም ኩባንያ ከስጦታው 65 በመቶ የሚሆነውን ከግብሩ ላይ እንዲያስቀንስ ፈቅዳለች፤ ተቀባዩ ተቋም ደግሞ የተቀበለውንና ያዋለበትን ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለማስመለሻ መዋጮ የሚሰበስቡ ማኅበራት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ከቤተ ክርስቲያን ጋር በመሆን በቅድሚያ ያለ ክፍያ ይጠይቁ። ግዢ የማይቀር ከሆነ ዋጋውና ዕቃው በማን እጅ እንዳለፈ ለሕዝብ ይገለጽ።

ሁለተኛ፣ ለግዢ ከሚወጣው ጋር እኩል የሆነ ገንዘብ ለጥበቃ፣ ለመዝገብና ለዲጂታል ቅጂ ይመደብ።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ትልቅ ለጋሽ ጋር ውል ይጻፍ፤ ባለቤትነትም ሆነ የምስል መብት ወደ ለጋሹ እንደማይሻገር፣ ቅጂውም ለባለቤቱ ደብር ወይም ገዳም እንደሚሰጥ በውሉ ይስፈር።

አራተኛ፣ በየአገሩ ያለው ሕጋዊ መንገድ ይታወቅ። በአሜሪካ ከግብር ነጻ ሆኖ ለተመዘገበ ድርጅት የሚሰጥ ስጦታ በሕግ የተደገፈ የግብር ቅናሽ ሊያስገኝ ይችላል፤ ሠራተኛቸው ለለገሰው ያህል ከራሳቸው የሚጨምሩ ኩባንያዎችም ብዙ ናቸው። በብሪታንያ ግብር ከፋይ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት በሚሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ሳንቲም ይጨምራል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ ያስቀጣል፤ ስለዚህ እዚያ የሚኖሩ ወገኖችን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጥሪ ሊተላለፍ አይገባም።

ወደፊትም ከመቅደላ የወጣ ዕቃ በአንድ የጨረታ ቤት ዝርዝር ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በጥድፊያ ገንዘብ ማሰባሰብ ቀላል ነው። ደንቡን በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ለመጻፍ ግን ጊዜ አይኖርም፤ መጻፍ ያለበት አሁን ነው።