ለቢቸናና ለሞጣ፦ የበረዶ ሜዳ ወይስ የገና ሜዳ?

ሰብል የሚያረግፈውን የክረምት በረዶ የማያውቅ የጎጃም ገበሬ የለም። በረዶን አንጥፎና አጥሮ ገበያ መጥሪያ ማድረግ ግን የሌላ አገር ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ በኒው ዮርክ ሮክፌለር ማዕከል የተከፈተው የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ለጊዜው ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ በተሠራው አደባባይ የነበሩት ሱቆች ገዢ አጥተው ስለነበር ሜዳው ሰው እንዲስብ ታሰበ፤ ሳበም። ዛሬም በየዓመቱ በብርድ ወራት ይከፈታል፤ ብዙ ከተሞችም አርአያውን ተከትለዋል።

«ይህ ለቢቸናና ለሞጣስ አይሆንም?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር አንስቅበትም። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ በበረዶ ሸርተቴ በመወዳደር ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ ወክሏል። ስለዚህ ጥያቄውን በፌዝ ሳይሆን በስሌት እንመልሰው።

ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30 ሜትር የሆነ ሜዳ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ለመሸፈን ወደ 50 ሺህ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ይህም 2,500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0 ሲወርድ 84 ኪሎ ጁል፣ በዚያው ሙቀት ወደ በረዶ ሲለወጥ ደግሞ 334 ኪሎ ጁል ይለቃል። በድምሩ ከሜዳው መወገድ ያለበት ሙቀት 5,800 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው።

ከባዱ ግን ማርጋቱ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ቢገኙም ለምድር ወገብ ቅርብ ናቸው። በታኅሣሥ የጠራ ቀትር አንድ ካሬ ሜትር ላይ 800 ዋት የፀሐይ ኃይል ያርፋል ብለን እናስላ። በረዶው ግማሹን አንጸባርቆ ግማሹን ብቻ ቢቀበል እንኳ፣ ማቀዝቀዣው ሲቆም በአንድ ሰዓት ከ7 ሺህ ሊትር በላይ ይቀልጣል። መብራት ለግማሽ ቀን ከጠፋ የከተማው ገንዘብ ኩሬ ሆነ ማለት ነው። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ለውኃ በሚሰለፉበት አገር እንዲህ ያለውን ወጪ ማን ይፈርምለታል?

እንግዲህ ሐሳቡን እንጣለው? አንልም። የሮክፌለሩ ምሥጢር በረዶው አይደለም፤ ወቅቱን የጠበቀ፣ ሁሉም የሚያየውና የሚሳተፍበት ጨዋታ በገበያ መካከል መኖሩ ነው። ይህ ደግሞ ከእኛ ዘንድ ጥንቱንም አለ። የገና ጨዋታ ቆልማማ ዱላና ሩር ብቻ ይፈልጋል። ወቅቱም የተመቸ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ዝናቡ አባርቷል፣ አዝመራው ተሰብስቧል፣ ገበሬው ጤፉን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል። ከተማው ከገበያው አጠገብ አንድ ሜዳ አስተካክሎ፣ ጥላ፣ የመጠጥ ውኃና መጸዳጃ ቢያዘጋጅ፣ ሻይ ሻጯም ሆነች ባለ ሱቁ ይጠቀማሉ። ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ ደንብ፣ ዳኛና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ግን ያስፈልጋል፤ ዱላው ቅልጥም አይምርምና።

ሜዳው የአንድ በዓል ብቻ እንዳይሆን ደግሞ እንመክራለን። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ በመስጊዶችና በንግድ ቤቶች ላይ የደረሰው ቃጠሎ አብሮ የመኖርን ዋጋ አስተምሮናል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ወጣት በአንድ ቡድን የሚሰለፍበት ሜዳ፣ እግር ኳሱንና ሩጫውንም ጨምሮ፣ ከሱቅ ገቢ የሚበልጥ ትርፍ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን የጎዳው ግጭትም ሕዝብ ያለ ስጋት በአደባባይ መሰብሰቡ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አሳይቶናል። ሰላም ከሌለ ሜዳው ባዶ መሬት ነው።

በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚጋጠሙ፣ ጌታም እንደማይቆጣ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ከተማን የሚያደምቀው ይህ እኩልነት ነው እንላለን። ውድ ተማሪዎች፣ ከውጭ የመጣን ሐሳብ ስታዩ በጭፍን አትቅዱ፣ በጭፍንም አትናቁ፤ ቀመሩን አውጡና በአገራችሁ ፀሐይና ውኃ አስሉት።