ቆርቆሮ በሁለት ዋጋ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ በርገር ነው። «ቲቸር ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ከበርገር ይሰፋል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ፋሽን መጥቷል። አዲስ ሬስቶራንት ሲከፈት ግድግዳው ሳይለሰን ብሎኬቱ እንዲታይ ይተዋል። ሆን ተብሎ የዛገ ቆርቆሮ ይለጠፍበታል። ጠረጴዛው ካልተላገ ጣውላ ይሠራል፣ አምፖሉ በገመድ ይንጠለጠላል፣ በርገሩም በሳህን ፈንታ በመክተፊያ እንጨት ላይ ይቀርባል። እኛም ፎቶ አንስተን «ደስ የሚል ቤት» ብለን እንለጥፋለን። ሂሳብ ሲመጣ፣ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮበት፣ ዝም ብለን እንከፍላለን። ለአሳላፊውም ጉርሻ እንተዋለን።

እኔ የምበላበት ቤት ቆርቆሮው የእውነት ነው። ወርዱ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ጠፍጣፋ የመጥበሻ ብረት፣ አንድ የጋዝ ሲሊንደር፣ አንድ አግዳሚ፣ አራት በርጩማ፣ በቃ። የቴሌብር ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በማርከር ተጽፏል። ረቡዕና አርብ ሥጋ የለም፤ ድንችና ካሮት የተጠበሰበት የጾም በርገር አለ። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። እዚህ ቤት ደግሞ ምን ሲባል እንደምሰማ ልንገራችሁ፦ «እትዬ፣ ሃያ ብር ይቀንሱልን እንጂ!» «እንዴ፣ ባለፈው ወር እንዲህ አልነበረም!» «ችፕሱን ጨመር ያድርጉልን!»

እስቲ በእውነት እንነጋገር። ዘይት ሲጨምር ለሁለቱም ቤት ነው የጨመረው። ሥጋም፣ ዳቦም፣ ጋዝም እንደዚያው። ታዲያ ለምንድነው አንዱ ጋ አንገታችንን ደፍተን የምንከፍለው፣ ሌላው ጋ የምንከራከረው? የኔ መልስ ይሄ ነው፦ የድህነትን መልክ እንወዳለን፤ ደሃዋ ራሷ ስትሸጥልን ግን ዋጋ የላትም ብለን እናስባለን።

«ጥራት ነው ልዩነቱ» የሚል አይጠፋም። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፣ ኬሚስትሪ ሳልነካ አላልፍም። የበርገር ጣዕም ያለው የተጠበሰው ቡናማ ቅርፊት ላይ ነው። በሥጋው ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች በሙቀት ተገናኝተው የሚሠሩት ነው። ይህን ያጠናው ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1912። ሪአክሽኑ በደንብ የሚፈጥነው 140 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በከተማችን ከፍታ ግን ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የሥጋው ገጽ ላይ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በደንብ የጋለ ብረት፣ ሳሳ ተደርጎ የተጫነ ሥጋ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ደንበኛ። ሦስቱም እትዬ ጋ አሉ። የተንጠለጠለው አምፖል እዚህ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

«ንጽሕናስ?» ትላላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። አሜሪካኖችም አንድ ጊዜ የተፈጨ ሥጋ አናምንም ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ከተማ የተከፈተው ዋይት ካስል ይህን ጥርጣሬ ያሸነፈው እንዴት መሰላችሁ? በትልቅ አዳራሽ አይደለም። በትንሽዬ ነጭ ቤት ውስጥ በርገሩን ደንበኛው ዓይን ፊት እየጠበሰ፣ በአምስት ሳንቲም ሸጦ ነው። እትዬም ዓይናችን ፊት ነው የሚሠሩት፤ እጃቸውን ሲታጠቡ አያለሁ፣ ሥጋውን ከየት እንደሚያወጡ አያለሁ። የትልቁ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ግን ከበሩ ወዲያ ነው፤ እዚያ ምን እንደሚሆን ማን አየ? ቁጥጥር ይኑር፣ ለሁለቱም ይኑር። ንጽሕናን በግድግዳ ልስን መለካት ግን ይቅርብን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሱ አብረዋቸው የሄዱ ጠባብ ምግብ ቤቶች ነበሩ። መንገድ ይሰፋ፣ መብራት ይብራ፣ እግረኛ ይራመድ፤ ልማት አልቃወምም። ግን የሰው በር ላይ ሁለት ሜትር ተከራይቶ የሚጠብስ ሰው ንብረቱ ብረቱ ብቻ አይደለም። ዋናው ንብረቱ በዚያ በኩል የሚያልፈው እግር ነው። ብረቱን ተሸክሞ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል፤ ደንበኛውን ግን ተሸክሞ አይሄድም። ከዚያ በኋላ ያማረው ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ሌላ ሰው መጥቶ የዛገ ቆርቆሮ ይለጥፍና የድሮውን ሰፈር መልክ በውድ ዋጋ ይሸጥልናል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ከተማ እንዳይታደስ?» አላልኩም። አሜሪካ፣ ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ ሉዊስ ላንች የሚባል ትንሽዬ የጡብ ቤት አለ። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በርገርን መጀመሪያ የሠራነው እኛ ነን ይላሉ፤ ሌሎችም እንዲሁ ስለሚሉ ክርክሩን ለነሱ እንተወው። እስከዛሬ በርገሩን የሚሰጡት በተጠበሰ ስላይስ ዳቦ ነው፣ ካቻፕ የለም። ያ ሰፈር ለግንባታ ሲፈለግ ቤቱ ሊፈርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን ቤቱን እንዳለ ነቅለው፣ በመኪና ጭነው ሌላ መንገድ ላይ ተከሉት። ወዳጆቹ ከየአገሩ ጡብ ላኩለት፤ ጡቦቹም የአዲሱ ቦታ ግድግዳ ሆኑ። ግንባታውም አልቀረም፣ በርገር ቤቱም አልጠፋም።

እኛ ቆርቆሮ ቤት በመኪና ጫኑ አልልም። ከዚያ የሚቀል ነገር አለ። በየታደሰው መንገድ ዳር፣ በየሕንፃው ምድር ቤት፣ አራት አራት ካሬ ሜትር ለእነዚህ ሰዎች በሚችሉት ኪራይ ይመደብ። ውሃና የቆሻሻ መስመር ይግባለት፣ ጤና ተቆጣጣሪ ይጎብኘው። ቅድሚያውም ከዚያው ሰፈር ለተነሳ ሰው ይሁን። የከተማ ሰዎች ይህን ማሰብ አያቅታቸውም፤ የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው። ያልጠየቅነው እኛ ነን፤ ልባችን ዲኮሩ ላይ ነዋ!

የኛ የደንበኞች ድርሻ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። እትዬ ጋ ስትበሉ አትከራከሩ። ሎውንጅ ውስጥ የምትተዉትን ጉርሻ ግማሹን እዚህ ተዉት። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁም ይህንኛውን ቆርቆሮ አንሱት፣ ሰፈሩንም ጻፉ፣ ሰው ይምጣላቸው።

እስቲ ኮመንት ላይ ከየሰፈራችሁ የምታውቁትን አንድ አንድ ጠባብ በርገር ቤት ጥቀሱ፣ የት ጋ እንደሆነም ንገሩን። «ሎውንጅ ውስጥ መብላት መብቴ ነው» ለሚለኝ ሰው መልሴ ከወዲሁ፦ አዎ፣ መብትህ ነው። ሃያ ብሩን ግን እትዬ ላይ አትከራከር።