ወላጁን ማን ይምረጥ?

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ መንገደኛ፣ ትንፋሹን ሊሰበስብ በቆመ ቁጥር የዳገቱን ማሳ ልብ ብሎ ቢያይ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ የሆነ ገብስ አያገኝም። ነጩና ጥቁሩ፣ ቶሎ የሚደርሰውና የሚዘገየው ተቀላቅሎ ይታየዋል። አልፎ አልፎም ገብስና ስንዴ አብረው የተዘሩበት ዱራኛ ያጋጥመዋል። ከባልንጀሮቻችን አንዳንዶቹ ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን ዘር አዳቃዮች የሚሠሩበት ዕቃ ይኸው ነው እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘር አዳቃይ ሁለት ወላጆች መርጦ ያዳቅላል፤ ከልጆቻቸውም መካከል የተሻለውን ይለያል። በሁለቱ ወላጆች ውስጥ ያልነበረ ጠባይ ግን በልጁ ላይ እንዲወጣ መጠበቅ ከንቱ ነው። ወላጆቹ እጅግ የሚመሳሰሉ ከሆኑ ከልጆቹ የሚመረጥ ነገር አይገኝም። እንግዲህ የሥራው ግማሽ ዕድል ማዳቀሉ ሳይጀመር፣ በወላጅ ምርጫ ላይ ተወስኗል ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ጤፍ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን ከመሆኑም በላይ በማለዳ ተከፍቶ በራሱ ስለሚዳቀል፣ በሰው እጅ ማዳቀል የተቻለው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ የተለቀቀው ቁንጮ፣ ወላጆቹ ዱከምና ማኛ የተባሉት ናቸው። ዱከም ምርቱ የበዛ ነው፤ ማኛ ደግሞ ምርቱ ቢያንስም ንጣቱ በገበያ የተወደደ ነው። የሁለቱ ጠባይ በአንድ ልጅ ተገናኘ። ሁለቱም ወላጆች ግን ቀድሞ ከገበሬ ማሳ ተመርጠው የወጡ ነበሩ።

በወሎ ቆላ የሚዘራ ወተት በጉንጬ የሚባል ማሽላ አለ። ስሙ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከዓለም የማሽላ ስብስብ መካከል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል የበዛባቸው ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ያ ዓመት ወሎ በረሀብ ያለቀችበት ዓመት ነው። የራበው ሰው ዘሩን ይበላል፤ የተበላው ዘር ደግሞ ወላጅ አይሆንም። በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻው የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በኋላም በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት ዘሩ ከማከማቻው አልፎ በገበሬው ማሳ እንዲጠበቅ ተደረገ።

መምህራኖቻችን፣ «ድብልቁ ዝናቡ በሰመረበትና ማዳበሪያ በገባበት ማሳ ከተሻሻለው ዘር ያንሳል» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ዝናቡ ባልሰመረበት፣ ውርጭም በወረደበት ዓመት የአሸተን ገበሬ የሚጠይቀው ስንት ኩንታል ሳይሆን አንዳች ነገር ይገኝ እንደ ሆነ ነው። የሲሪንቃ የምርምር ማዕከል ከዚያው ከሰሜን ወሎ አይወጣም፤ ዳሩ ግን ከፍታው 1850 ሜትር ያህል ሲሆን የአሸተን ከ3000 ያልፋል። በታች ያማረ ወላጅ በላይም ያምራል ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው።

በሌላ በኩል የገበሬውም ዓይን ይሳሳታል። ከቤቱ ጓሮ፣ ፍግ በበዛበት አፈር ላይ የበቀለ ዛላ የሚወፍረው ከዘሩ ይሁን ከፍጉ በማየት ብቻ አይለይም። ዘሩ ከሌላው ጋር በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ጎን ለጎን፣ ከአንድ ጊዜም በላይ ተዘርቶ መታየት አለበት። የእኛ ትምህርት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ገብስ ለጠላ፣ የትኛው ለበሶ፣ የትኛው ለቆሎ እንደሚሆን፣ የትኛውስ ውርጭ እንደሚችል ደግሞ ዘሩን ከጎታ የምታወጣው የቤት እመቤት ከእኛ ይልቅ ታውቃለች።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ከእርሻ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ጥቂቱ በላስታ ደጋ፣ በገበሬው ማሳ ላይ ይሁን፤ ወላጅ በሚመረጥበትም ቀን ባለ ማሳውና ባለቤቱ ተጠርተው ይምረጡ፤ ስማቸውም ከተማሪው ስም ጋር ይጻፍ። የደጋው ገብስ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ማሳው ሳይታጨድ ለመድረስ የሚሻ ክፍል ጥያቄውን ለመምህራኑ የሚያቀርበው አሁን ነው።