ጠዋት የተመረጠ ቦይ ማታ ለሚመጣ ጎርፍ አይሆንም

«ሲስተማችን የክፍያ መንገዱን ራሱ ይመርጣል» የሚሉ የጃቫ ፕሮግራመሮች በዝተዋል። ኮዳቸው ሲታይ ግን ያለው «ኮንዲሽናል ኦን ፕሮፐርቲ» የሚል አንድ መስመር ነው። ይህ ዕጣ እንጂ ምርጫ አይደለም፤ አንዴ ይወጣል፣ አለቀ።

ስፕሪንግ ቡት ይህን ቅድመ ሁኔታ የሚያየው አፕሊኬሽኑ ሲነሳ ነው። ከተሟላ ቢኑን ይፈጥራል፤ ካልተሟላ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢደፋ ውሳኔው አይለወጥም፤ ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ።

አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ለሚጽፈው ይህ ችግር ላይታየው ይችላል። ቆቦ ላይ ግን ያፈጣል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ተከተለ። በዚያው ነሐሴ ግን የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር።

እስቲ አስቡት። የማሽላ ነጋዴው ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ኔትወርክ አለ፤ ሲስተሙም ኦንላይን ክፍያ ላይ ይቸነከራል። ረፋድ ላይ መስመሩ ይጠፋል። ገዢው ጥሬ ብር ይዞ ቆሟል፤ ሲስተሙ ግን ሽያጩን አልመዘግብም ይላል። ጥፋቱ የኔትወርኩ ብቻ ነው? አይደለም። ኔትወርክ እንደሚጠፋ እያወቀ አንድ በር ብቻ የሠራው ሰውም አለበት።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ኦንላይን ክፍያውም፣ ጥሬ ብር መዝግቦ በኋላ የሚልከውም በአንድ ኢንተርፌስ ሥር ይሠሩ። ስፕሪንግ ሁሉንም በየስማቸው በማፕ አድርጎ ያቀብላል። ከዚያ አንድ ትንሽ ክላስ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ሁኔታውን አይቶ ይምረጥ።

«ኮንዲሽናሉ ኮዱን ያቀላል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የሙከራና የእውነተኛ ሰርቨርን ለመለየት ይበቃል። እነዚያ በቀን መሃል አይቀያየሩም። ኔትወርክ ግን ይቀያየራል።

ሌላው ጥፋት ደግሞ ጭፍን መቀያየር ነው። ክፍያ ተልኮ መልሱ ስለዘገየ በሌላ መንገድ መድገም፣ ሰውን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሽያጭ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ የመጀመሪያው ውጤት ሳይታወቅ ሁለተኛው አይሞከር።

የራያ ገበሬ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ሲጠልፍ ቦዮቹን አስቀድሞ ያዘጋጃል። የትኛውን እንደሚከፍት የሚወስነው ግን ጎርፉ ሲደርስ፣ መጠኑን አይቶ ነው። ለእሱ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ከእሱ ያነሰ ማሰብ የለበትም።