ከ35ኛው መንገድ ወዲያም ምግብ አለ

ቺካጎ ለምንኖር ሐበሾች የእንግዳ ወቅት የሚጀምረው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ለሰርግ ከዲሲ የሚመጣው፣ ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የሚላከው፣ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ልታስገባ የምትመጣው አክስት፣ በጥቅምት ለማራቶን የሚመጡት ሯጮችና አጃቢዎቻቸው… ሁሉም ሻንጣቸውን መኪና ላይ ሳይጭኑ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። "እሺ፣ እዚህ ከተማ ምን ይበላል?"

መልሳችን የተጠና ነው። የመጀመሪያው ቀን መሃል ከተማ ወስደን ያንን ጎድጓዳ ፒዛ እናበላዋለን፤ ሰልፉ ረጅም፣ መጋገሩ ከሰልፉ የረዘመ። በሁለተኛው ቀን "እንጀራ ሳይናፍቅህ አይቀርም" ብለን ብሮድዌይ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ እንወስደዋለን። (ኧረ ጎበዝ፣ ሰውየው እኮ ከቦሌ ከተነሳ ገና ሁለት ቀኑ ነው!) በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ፎቶ፣ ከዚያ ኤርፖርት። በመሃሉ አንዲት ምክር ጣል እናደርግለታለን፤ "የፈለግክበት ሂድ፣ ብቻ ወደ ደቡብ እንዳትሄድ!"

የዛሬው ጠቤ ከዚህች ምክር ጋር ነው።

ከተማዋን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ቺካጎ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋች ከተማ ናት። እኛ ሐበሾች በብዛት የከተምነው ሰሜኑ ላይ ነው፤ ኤጅዋተር፣ አፕታውን፣ ሮጀርስ ፓርክ። "ኢትዮጵያን ዳይመንድ"ም ሆነ "ደመራ" የሚገኙት በዚያው በኩል ነው። የደቡቡ ሰፊ ክፍል ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነው። እዚያ አግድም የሚሄዱት መንገዶች በቁጥር ይጠራሉ፤ 35ኛ፣ 47ኛ፣ 75ኛ፣ 87ኛ እያሉ ይቀጥላሉ። ሰሜኑንና ደቡቡን "ሬድ ላይን" የሚባል ባቡር ያገናኛቸዋል። ከሰሜን ጫፍ ከሃዋርድ ተነስቶ፣ በእኛው ሰፈር አልፎ፣ መሃል ከተማን አቋርጦ እስከ 95ኛ መንገድ ይወርዳል። ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ማለትም መንገዱ ከደጃችን ነው የሚጀምረው፤ የማንሄደው እኛ ነን።

ማራቶኑን ታውቁታላችሁ። ብርሃኔ አደሬ በ2006 እና በ2007፣ ጸጋዬ ከበደ በ2012 ያሸነፉበት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች ቁጠሩልኝ)። የሩጫው መስመር ወደ ደቡብ ወርዶ ወርዶ 35ኛ መንገድ አካባቢ ሲደርስ ወደ መሃል ከተማ ይታጠፋል። ሯጩስ ይሁን፣ 42 ኪሎ ሜትሩ ስለሚያልቅበት ነው። የእኛ እንግዳ ግን ምን አልቆበት ነው የሚመለሰው? እንዲያውም እውነቱን እናውራ ከተባለ እስከ 35ኛውም አናደርሰውም።

እኔ የምለው ይኼ ነው፤ ሰውን ቺካጎ አምጥቶ ደቡቡን ሳያበሉ መሸኘት፣ አዲስ አበባ የመጣን እንግዳ ቦሌ ላይ በርገር አብልቶ እንደ መሸኘት ነው። መጥገቡን ይጠግባል። የት እንደመጣ ግን አላወቀም።

እስቲ በመጀመሪያ ያንን ጎድጓዳ ፒዛ እንፈትሸው። መነሻው በ1943 መሃል ከተማ የተከፈተው "ፒዜሪያ ኡኖ" ነው። መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን ቺካጎው ራሱ አርብ ማታ ከሥራ ሲገባ የሚያዘው በአብዛኛው እሱን አይደለም። እሱ የሚያዘው ስሱን፣ ጠርዙ ኩርሽም የሚለውን፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን የሚቆረጠውን ፒዛ ነው። "ታቨርን" ይሉታል፤ የመጠጥ ቤት ፒዛ ማለት ነው። ቢራ ጠጪው በአንድ እጁ ብርጭቆውን ይዞ በሌላው እንዲያነሳው ተብሎ የተቆረጠ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል ፑላስኪ መንገድ ላይ "ቪቶ ኤንድ ኒክስ" አለላችሁ። ለማንኛውም ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው የቺካጎ ኩራት "ኢታሊያን ቢፍ" ነው። "ዘ ቤር" የተባለው ተከታታይ ፊልም በ2022 ከወጣ ወዲህ ዓለም ሁሉ አውቆታል። ታሪኩ ግን የድሃ ታሪክ ነው። ቺካጎ ከ1865 እስከ 1971 ድረስ ግዙፍ የከብት ገበያና ማረጃ ነበራት። ጣሊያን ስደተኞች ጠንካራውን፣ ርካሹን ሥጋ በቅመም መረቅ ቀስ አድርገው ያበስሉና እንደ ወረቀት አሳስተው ይቆርጡታል፤ ጥቂቱ ሥጋ ለብዙ ሰርገኛ እንዲዳረስ። ስታዙ "ዲፕድ" በሉ። ሻጩ ሳንድዊቹን እንዳለ መረቁ ውስጥ ይነክረዋል። ፈረንጁ ቱሪስት ሸሚዙ እንዳይበላሽ ይሳቀቃል፤ ፍትፍት በልቶ ያደገ ሰው ግን ምን ያሳቅቀዋል?

ሆትዶግ ደግሞ አለ። እዚህ ከተማ ዋናው ሆትዶግ የበሬ ሥጋ ነው፤ ከአሳማ ለሚርቅ እንግዳ እፎይታ ነው። ያም ቢሆን "ኦል ቢፍ ነው?" ብሎ መጠየቅ አይከፋም። (የሐላል እርድ ለሚፈልግ ግን ይኼ መልስ አይሆንም፤ እሱን ሰሜን ዴቨን መንገድ ካሉት የፓኪስታን ቤቶች ውሰዱት።) ሰናፍጭ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የኮመጠጠ ኪያር፣ ቃሪያ፣ የሰለሪ ጨው… ኬቻፕ ብቻ እንዳትጠይቁ። ኬቻፕ ሆትዶግ ላይ ማድረግ እዚህ ነውር ነው፤ ክትፎ ላይ ማዮኔዝ እንደ ማድረግ ቁጠሩት።

ፍየል ለሚወድ እንግዳ (ፍየል የማይወድ ሐበሻ ካገኛችሁ አሳዩኝ) ደግሞ ፑላስኪ መንገድ ላይ፣ ከሚድዌይ አየር ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ "ቢሪየሪያ ሳራጎሳ" አለ። የሜክሲኮ ቤተሰብ ቤት ነው፤ ሥራቸው የፍየል ቢሪያ ነው። ሥጋው በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያ በበርበሬ ተቀብቶ ምድጃ ይገባል፣ ከዚያ በቲማቲም መረቅ ይቀርባል። ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ይመጣላችኋል። በእጅ ነው የሚበላው። ለአክስታችሁ ምንም ማስረዳት አያስፈልጋችሁም፤ ቀድማችሁ ትጨርሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ 75ኛ መንገድ። ማራቶኑ ከሚታጠፍበት 40 ብሎክ፣ ማለትም ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ነው። እዚያች መንገድ ላይ፣ በአጭር የእግር መንገድ ውስጥ ሦስት ቤቶች አሉ።

የመጀመሪያው "ኦሪጅናል ሶል ቬጀቴሪያን" ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ። ወዳጄ፣ ይኼ እኮ በእኛ ቋንቋ የጾም ቤት ማለት ነው! ረቡዕና አርብ ለሚጾም እንግዳ "አሜሪካ ውስጥ ምን ይበላል?" እያልን ስንጨነቅ የኖርንበት ጥያቄ መልሱ እዚያ ተቀምጧል። ቤቱን የከፈቱት ከአፍሪካ ዕብራውያን እስራኤላውያን ማኅበረሰብ የሆኑ ሰዎች ናቸው። የማኅበረሰቡ የመጀመሪያ ሰዎች በ1967 ከቺካጎ ተነስተው ወደ ላይቤሪያ፣ ከዚያም እስራኤል ዲሞና የሄዱ ናቸው።

ሁለተኛው "ሌምስ ባርቤኪው" ነው። ከሚሲሲፒ የመጡ ወንድማማቾች በ1954 የጀመሩት ሥራ ነው። እሳቱ የሚነድበት ምድጃ በመስታወት የተከለለ ነው፤ በ2025 የአሜሪካ ትልቁ የምግብ ሽልማት፣ ጄምስ ቢርድ፣ ከዘመን ተሻጋሪ ቤቶች አንዱ ብሎ ሸልሞታል። ዝነኛው የጎድን አጥንታቸው የአሳማ ስለሆነ ለማይበላ ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ዶሮም ይሸጣሉ። ሦስተኛው "ብራውን ሹገር" ኬክ ቤት ነው። የካራሜል ኬኩን ቁረጡና ቡና ስትጠጡ አስታውሱኝ።

ትንሽ ዝቅ ብላችሁ 87ኛ መንገድ፣ ከሬድ ላይን ጣቢያው ቅርብ፣ "ሃሮልድስ ቺክን" ታገኛላችሁ። ሃሮልድ ፒርስ የተባለ ከአላባማ የመጣ ሰው በ1950 የመሠረተው ነው። ትልልቆቹ የፈጣን ምግብ ኩባንያዎች ወደ ጥቁሮች ሰፈር መምጣት በማይፈልጉበት ዘመን ያደገ ስም ነው። ዶሮው የሚጠበሰው ስታዙ ነው፤ ትጠብቃላችሁ። "ማይልድ ሶስ" በሉ። ዶሮው ሥር ነጭ ዳቦ ይነጠፋል፣ ስጎውና ዘይቱ እታች ይወርዳል። የእንጀራው ታች ከላዩ እንደሚጥም የሚያውቅ ሰው ያንን ዳቦ አይጥለውም። በብዙዎቹ ቅርንጫፎች ገንዘብ የምትከፍሉት በወፍራም መስታወት ቀዳዳ ነው። አትደንግጡ፤ እኔ የማውቀው ዶሮው መስታወቱን አልፎ ትኩስ እንደሚመጣ ነው።

መስታወቱን ካነሳሁ ወደ ፍርሃቱ ልግባ። "ደቡቡ አደገኛ ነው" የሚለኝ ወዳጅ አለ። ወንጀል የለም አልልም፤ አለ፣ የሚከፈለው ሕይወትም ውድ ነው፣ አብዛኛውን የሚከፍሉትም እዚያው የሚኖሩት ናቸው። ግን ደቡብ ቺካጎ አንድ መንደር አይደለም። ከብዙ የአገራችን ከተሞች የሚሰፋ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ መናፈሻ፣ የሐይቅ ዳርቻና ጸጥ ያሉ የመኖሪያ ጎዳናዎች ያሉት ግማሽ ከተማ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚበዛበት የገበያ መንገድ፣ ምሳ ልትበሉ ነው የምትሄዱት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ፈረንጅ እንግዳውን "መርካቶ ኪስ አውላቂ አለ" ብሎ ያስጠነቅቀዋል እንጂ "መርካቶን ሳታይ ተመለስ" አይለውም። "ኪስህን ጠበቅ አድርግ" ብሎ ይዞት ይገባል። ለደቡቡም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ያንን ምክር ስንሰጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን "ጥቁሮቹ" የምንላት ነገር አለች። እኛስ ማን ሆነን ነው? መኪናችንን የሚያስቆመው ፖሊስ "አንተ ሐበሻ ነህ፣ እለፍ" ሲል የሰማ አለ? እነዚህ ሰዎች እኮ ስደተኞች ነበሩ፤ በራሳቸው አገር ውስጥ። ከ1916 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ግዛቶች ሸሽተው በባቡር ቺካጎ ገብተዋል። ሲገቡ ደቡቡ ላይ የታጨቁት ወደው አይደለም፤ "ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም" የሚል ውል በየሰፈሩ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም አይችሉም ያለው በ1948 ነው። የዶሮው ጥብስም፣ ባርቤኪውም፣ ካራሜል ኬኩም በዚያ ባቡር የመጣ ስንቅ ነው። ለአፍሪካውያን የአሜሪካን በር ያሰፋው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የወጣው እነሱ የመብት ትግሉን ባፋፋሙበት ዘመን ነው። በከፈቱት በር ገብተን "ወደ እነሱ ሰፈር አትሂድ" ማለት… ስሙን እናንተው ስጡት።

የምግብ ጥቆማ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን እንግዳ ከተማን የሚያውቀው በእኛ ዓይን ነው፤ የጠቆምንለትን "ከተማ" ይለዋል፣ የዘለልነውን "አደጋ" ይለዋል። አዲስ አበባ ተመልሶም የሚያወራው ያንኑ ነው። እንግዲህ አንድ ቤት ስንጠቁም ገንዘቡንም፣ ወሬውንም፣ አክብሮቱንም ወደዚያ እየላክን ነው። ገንዘቡ ሁልጊዜ መሃል ከተማ ሰልፍ ላይ ባይቀር ምናለ?

የሐበሻ ቤት አትውሰዱ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። በመጨረሻው ቀን ውሰዱት፣ ያን ጊዜ በእርግጥም እንጀራ ይናፍቀዋል። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ አድርጉ። አንድ ቀን ፍየሉን፣ አንድ ቀን 75ኛ መንገድን፣ ቀን ካለ 87ኛውን። ተቀምጣችሁ አስተናጋጅ ካስተናገዳችሁ ከሂሳቡ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ተዉ፤ እዚህ አገር ጉርሻ ምርቃት አይደለም፣ የአስተናጋጇ ደሞዝ ነው። ረሃብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ችኮላውን ቤት ተዉት።

ቀጣዩ እንግዳ ሲደውል "የት ነው የሚበላው?" ይላችኋል። መልሱ አጭር ነው፤ ሬድ ላይን ተሳፈር፣ 35ኛ ላይ አትውረድ።

ቸር እንሰንብት፣ ቸር እንብላ!