«ቢሆን ኖሮ» የሚባል ሀገር



ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ርእሱም ከለመድነው ወጣ ያለ ነው። ስለ ሱፐርሂሮ ነው የማወራችሁ። ግን እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ነገሩ ወደ ራሳችን ሰፈር ይመለሳል።

ባለፈው ከዒሻ ሶላት በኋላ ጎብዬ ላይ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። አራት ሆነን በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰን በ2021 እ.ኤ.አ የወጣውን የስፓይደርማን ፊልም እናያለን። ላላየው ሰው፦ በዚህ ፊልም ውስጥ ሦስት ስፓይደርማኖች አሉ። ሦስቱም ስማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸውም አንድ ነው፣ ግን እያንዳንዳቸው የመጡት ከሌላ ዓለም ነው። በአንዱ ዓለም አጎቱ ሞቶበታል፣ በሌላው የሚወዳትን ልጅ አጥቷል። ብዙ ዓለማት ጎን ለጎን አሉ፣ በእያንዳንዱም ሌላ «አንተ» አለ የሚለውን ይህን ሐሳብ ነው መልቲቨርስ የሚሉት።

ፊልሙ ሲያልቅ አንዱ ጓደኛችን «እኔ እኮ በሌላኛው ዓለም አሁን ጂዳ ላይ ኤሲ ከፍቼ ተኝቻለሁ» አለ። ሳቅን። ሌላው ተቀብሎ «በእኔኛው ዓለም ደግሞ ጦርነቱ አልመጣም፤ ትምህርቴን ሳላቋርጥ ጨርሼ ዶክተር ሆኛለሁ» አለ። በዚህኛው የሳቅነው ትንሽ ነው። ከሳዑዲ ተይዞ ከተመለሰ ዓመት ያልሞላው ጓደኛችን ግን ጭራሽ አልሳቀም። ቆይቶ «ያን ቀን ባልያዝ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ያልተጨረሰ ንግግር ነው።

«ቢሆን ኖሮ» ማለት የእኛ ሰፈር ብቻ በሽታ አይደለም። አሜሪካኖቹ ከዚህች ቃል ትልቅ የመጽሐፍ ገበያ ሠርተውባታል። ማርቭል የተባለው አሳታሚ በ1977 እ.ኤ.አ «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ?» የሚል ስም ያለው ተከታታይ የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው እትም «ስፓይደርማን ብቻውን ከሚሆን ከፋንታስቲክ ፎር ቡድን ጋር ቢቀላቀል ኖሮስ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በየስልካችን የምናየው መልቲቨርስ ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔን የገረመኝ በ2001 እ.ኤ.አ ጀድ ዊኒክ ጽፎት ማይክ ማኮን የሳለው «ኤግዛይልስ» የሚባለው ኮሚክ ነው። ስሙን በአማርኛ ብንመልሰው «ስደተኞቹ» ወይም «ግዞተኞቹ» ማለት ነው። ስሙን ስሰማ ለራያ ልጅ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኃይል ያላቸው ስድስት ወጣቶች እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው ዓለም በድንገት ተነቅለው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ብሊንክ የምትባለው ልጅ መሪያቸው ትሆናለች። አንድ ሰውዬ ይመጣና «የሕይወታችሁ ሰንሰለት ተበጥሷል፤ ወደ ቤታችሁ ለመመለስ የተበላሹ ዓለማትን እየዞራችሁ ማስተካከል አለባችሁ» ይላቸዋል። በእጃቸው ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይሰጣቸዋል፤ አዲስ ዓለም በደረሱ ቁጥር ምን መሥራት እንዳለባቸው የሚነግራቸው እሱ ነው። አንዱን ሲጨርሱ እረፍት የለም፤ ወዲያው ወደ ሌላ ዓለም ይወረወራሉ። ገና በመጀመሪያዎቹ እትሞች ከስድስቱ አንዱ ይሞታል።

የዚያን ሰውዬ ስም ታውቃላችሁ? «ታይም ብሮከር» ይባላል። በእኛ ቋንቋ የጊዜ ደላላ ማለት ነው።

ደላላ! ወላሂ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። እኛ ሰፈር ደላላ ማለት ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። «አብሽር፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ በዚህ በኩል ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ» የሚለው ድምፅ ነው። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል ይልሃል። ያቺን ስትጨርስ ሌላ አንድ ነገር ትመጣለች። በኮሚኩም ከዓመታት በኋላ የሚገለጠው ይኸው ነው። ያ ደግ የሚመስል ሰውዬ እውነተኛ ሰው አልነበረም፤ ጭምብል ነበር። ከጀርባው ያሉት ነፍሳት የሚመስሉ ፍጡራን ናቸው። ዓለማቱን በስህተታቸው ያበላሹትም እነሱው ናቸው። ልጆቹ ሲደማባቸው የኖረው ሌላ ሰው ያበላሸውን ለመጠገን ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ቡድን በመቶ እትሞች ውስጥ ስንትና ስንት ዓለም ዞረ። አንድም እንከን የሌለው ዓለም ግን አላገኘም። አንዱ ጦርነት ላይ ነው፣ ሌላው በሽታ ገብቶበታል፣ በሌላው ጨካኝ ነግሦበታል። ያኔ በበረንዳው ላይ የቀለድነው ቀልድ አንድ ነገር ረስቶ ነበር። ጂዳ ያለው «አንተ» ኤሲ ከፍቶ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርቱን አሠሪው ይዞበት ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ ሊሆንም ይችላል። እኛ በሐሳባችን ወደ ሌላኛው ዓለም ስንሄድ የዚያን ዓለም ማር ብቻ እናስብና ንቡን እንረሳዋለን።

ለእኛ በተለይ የሚቀርብ ሌላ ነገርም አለ። በ2018 እ.ኤ.አ ይህ ኮሚክ እንደ አዲስ ሲጀመር የጻፈው ሳላዲን አሕመድ ነው። ዲትሮይት ተወልዶ ብዙ አረቦች በሚኖሩባት በዲርቦርን ከተማ ያደገ ደራሲ ነው። እሱ በቡድኑ ውስጥ ካስገባቸው አንዷ ካማላ ኻን ናት። ካማላን ብዙዎቻችሁ በ2022 እ.ኤ.አ ከወጣው «ሚስ ማርቭል» ተከታታይ ፊልም ታውቋታላችሁ። ጀርዚ ሲቲ የምትኖር የፓኪስታን ዝርያ ያላት ሙስሊም ልጅ ናት። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ከእናቷ ጋር የምትጨቃጨቅ፣ ልክ እንደ እህቶቻችን።

ሳላዲን አሕመድ ያመጣት ካማላ ግን ያቺ አይደለችም። ከፈራረሰ ዓለም የመጣች፣ በዕድሜ የገፋች፣ ፊቷ ላይ መከራ የተጻፈባት ተዋጊ ናት። ደራሲው «በሌላ ዓለም ካማላ ምን ትሆን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ንግሥት አላደረጋትም። የደከመች ሴት አደረጋት። ሆኖም የደከመችው ሴት ቁጭ ብላ «ዓለሜ ባይፈርስ ኖሮ» አትልም። ዓለማትን ከሚበላ ጠላት ጋር ለመግጠም ከማያውቋት ሰዎች ጎን ትቆማለች። እኔን የነካኝ ኃይሏ ሳይሆን ይህ መነሣቷ ነው።

እስካሁን ያልኩት የኮሚክ ወሬ ነው። አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ፤ ምክንያቱም «ቢሆን ኖሮ» ላይ ዲናችን ግልጽ ቃል አለው።

በሶሒሕ ሙስሊም አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት የታወቀ ሐዲስ አለ። ብዙዎቻችን መጨረሻውን ብቻ ነው የምናስታውሰው፤ አንድ ነገር ሲደርስብን «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እንዳንል፣ ይህች ቃል ለሸይጧን ሥራ በር እንደምትከፍት። መጀመሪያው ግን ስለ ጥንካሬ ነው። ብርቱ ሙእሚን ከደካማው እንደሚበልጥ፣ የሚጠቅመንን ነገር አጥብቀን እንድንይዝ፣ በአላህ እንድንታገዝና እንዳንሰንፍ ያስተምራል። ቅደም ተከተሉን አያችሁ? መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ቀደርን መቀበል ነው። «ቀደር ነው» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ማንም ከዚህ ሐዲስ ማውጣት አይችልም።

ዑለሞች ደግሞ እያንዳንዱ «ኖሮ» የተከለከለ እንዳልሆነ ያስረዳሉ። ኢማሙል ቡኻሪ በሶሒሓቸው ውስጥ ስለሚፈቀደው «ቢሆን ኖሮ» ራሱን የቻለ ርእስ አስቀምጠዋል። ከስህተት ለመማር፣ ለሌላ ሰው ለማስተማር የሚባል «ኖሮ» አለ። ያለፈውን እያኘኩ በአላህ ውሳኔ ላይ የሚያጉረመርሙበት «ኖሮ» ደግሞ ሌላ ነው። ጓደኛችን ዓረፍተ ነገሩን ቢጨርሰውና «ያን ቀን ባልያዝ ኖሮ ብዬ ከማስብ፣ ለታናሽ ወንድሜ የደላላውን ውሸት ልንገረው» ቢል፣ ያችው «ኖሮ» ሰው ታድናለች።

በየጁምዓው የምንቀራውን ሱረቱል ከህፍንም አስቡ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ከኸድር ጋር ሲጓዙ ያዩትን። የድሆቹ መርከብ ተበሳች። ያየ ሰው «ባትበሳ ኖሮ!» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ባትበሳ ኖሮ ደህናውን መርከብ ሁሉ የሚቀማው ንጉሥ ይወስዳት ነበር። መልቲቨርስ ለሚወድ ወጣት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣለታል? ያልሆነው ነገር ቢሆን ኖሮ እንዴት ይሆን እንደነበር የሚያውቅ አንድ ጌታ ብቻ ነው። እኛ የምናየው ቀዳዳውን ነው፣ ንጉሡን አናይም።

ልዩነታችንም እዚህ ላይ ነው። በኮሚኩ ውስጥ ዓለማቱን የሚጠብቋቸው ራሳቸው የጠፉ፣ በደላላ የተታለሉ ልጆች ናቸው። እኛ ግን በቀን ቢያንስ 17 ጊዜ ፋቲሓ ስንቀራ የዓለማት ሁሉ ጌታ ማን እንደሆነ እንመሰክራለን። ዓለማትን መጠበቅ የእኛ ሸክም አይደለም። የእኛ ሸክም የተሰጠችን አንዲት ቦታ ናት።

«ታዲያ ለምን በካፊር ሀገር ኮሚክ ጊዜህን ታጠፋለህ?» የሚለኝ ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሥዕልን ፊቅህ ለዑለሞች እተዋለሁ፤ ሶላት የሚያሳልፍ ፊልምና መጽሐፍ ሁሉ ደግሞ ያለ ክርክር ጉዳት ነው። ነገር ግን ልጆቻችን እነዚህን ታሪኮች አያዩም ብለን ራሳችንን አናታልል። በቴሌግራም፣ በትርጉም ፊልም፣ በቲክቶክ ቁርጥራጭ እያዩ ነው። ወይ አብረናቸው ቁጭ ብለን «ይህ እውነት ነው፣ ይህ ተረት ነው፣ ከዚህ ይህን ውሰድ» እንላለን፣ ወይ ብቻቸውን እንተዋቸዋለን።

የቆቦና የራያ ገበሬ ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። ሜዳው ላይ ዝናብ ይጠፋል። ተራራው ላይ ግን ይዘንብና ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ዝም ካሉት ማሳውን ጠርጎ ይሄዳል። ገበሬው ግን ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ይጠልፈዋል፣ በቦይ ወደ ማሽላው ይመልሰዋል። በሌላ ሰማይ ሥር የወረደ ዝናብ የእሱን ማሽላ ያበቅላል። ጎርፉን እየተሳደበ አይቀመጥም፤ «ዝናቡ እዚህ ቢዘንብ ኖሮ» እያለም ክረምቱን አያሳልፍም።

ከሌላ ተራራ የሚመጣውን ታሪክም መጥለፍ እንችላለን። የጠለፉም አሉ። በሰራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ «ጀምበር»ን አወጣ። ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ምሩቅ ጀግና የሚሆንበት፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የተዘጋጀ ኮሚክ ነው። ቀጥሎ «ሐዊ» የምትባል ኢትዮጵያዊት ጀግና መጣች። ታዲያ ከጎብዬ፣ ከሮቢት፣ ከቆቦ የሚጻፈው የት አለ? ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ልጅ ታሪክ፣ በ2013 ክረምት ጦርነቱ በዚህ ሜዳ ሲያልፍ ቤተሰቧን ያሻገረች እናት ታሪክ፣ ከማንኛውም መልቲቨርስ ያነሰ አይደለም። የሚጽፈውና የሚስለው ልጅ ምናልባት አሁን ይህን እያነበበ ይሆናል።

ወደዚያች በረንዳ ልመለስ። ስንለያይ ያን ዝም ያለውን ጓደኛችንን እስከ ቤቱ ሸኘሁት። ስለ ኤግዛይልስ፣ ስለ ደላላቸውም ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ «እጃቸው ላይ ያለው ነገር የሚሠሩትን ይነግራቸዋል አልክ? እኔስ ማን ይንገረኝ?» አለ። መልስ አልነበረኝም። በነጋታው ግን ከፈጅር በኋላ አገኘሁትና ታናሽ ወንድሙ ሊሄድ ከደላላ ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ነገረኝ። «ዛሬ አብሬው ቁጭ ብዬ ያየሁትን ሁሉ ልነግረው ነው» አለ።

የእሱ ተልእኮ ያ ነበር። የእያንዳንዳችንም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ዛሬ፣ በዚች ከተማ፣ ከፊታችን ያለ አንድ የተበላሸ ነገር ነው።

አላህ የሚጠቅመንን የምንይዝ፣ በወሰነልን የምንረካ ያድርገን። በመንገድ ላይ ያሉትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን በሰላም ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።